ያዘመመውን ማቃናት

የጢያን ትክል ድንጋዮች ለካላንደር እንዳነሳ ሥራ መጣልኝ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ «ትልቅ ይምሰል።» ጢያን የሚያውቅ ይስቃል። ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ 36 ድንጋዮች አሉት፣ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው። ግን ብዙዎቹ ቁመታቸው ከሰው ብዙም አይርቅም። አክሱም አይደለም።

16 ሚሊ ሜትሩን ዋይድ አንግል፣ ማለትም ሰፊ ቦታ የሚያሳየውን ሌንስ ገጥሜ ሰይፍ የተቀረጸበት አንድ ድንጋይ ሥር ቁጢጥ አልኩ። በዋይድ አንግል ቅርብ ያለው ይገዝፋል፣ የኋላው ይሸሻል። የጠዋቱ ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ ሰይፎቹ ጎልተው ወጡ። ቀትር ላይ ቢሆን ድንጋዩ ልሙጥ ይመስላል። አስጎብኚው የካሜራውን ስክሪን አጎንብሶ አየና «ይሄ የኛ ነው?» አለኝ። ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።

ካሜራውን በውሃ ልክ ነው የተከልኩት። ይህን የምለው ለሚከተለው ነው።

ፎቶዎቹን ልኬ ብዙም ሳልቆይ ዲዛይነሩ ደወለ።

«ብሮ፣ ድንጋዮቹ አዝምመው ነበር። አቃናሁልህ።»

«የትኞቹን?»

«ሁሉንም ነዋ።»

«ድንጋዮቹ እኮ ራሳቸው ያዘመሙ ናቸው! ከግራኝ በፊት ጀምሮ የቆሙ የመቃብር ድንጋዮች ናቸው።»

«አይ፣ ሌንስህ ነው። ዋይድ አንግል እንደዚያ ያደርጋል። ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ።»

የሚያናድደው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ሌንሱን ወደ ላይ ቀና ካደረጉት ቀጥ ያለው ሁሉ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ግን ሌንስ ሲያዘምም በሥርዓት ነው፤ ሁሉንም ወደ መሃል ይሰበስባል። ዘመን አንዱን ወዲህ፣ ሌላውን ወዲያ ነው የሚጥለው። ይህን በስልክ ሳስረዳ «እሺ እሺ» ይለኛል፤ ከጀርባው የማውሱ ቀጭ ቀጭ ይሰማኛል። እያቃና ነበር።

ካላንደሩ ታተመ። ድንጋዮቹ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንደኛው ላይ ያለው ሰይፍ ግን ጎብጧል፤ ድንጋዩ ሲቃና እሱ መታጠፉን ያየ የለም። አለቆቹ ወደዱት። በቀጣዩ ዓመትም እኔኑ ጠሩኝ፣ ጢያንም ደግመው ፈለጉ።

በዚህኛው ዙር መላ ዘየድኩ። ከሁሉም ይበልጥ ካዘመመው ድንጋይ አጠገብ ሰው ማቆም። ድንጋዩን ካቃኑት ሰውየው ይዘምማል፤ የዘመመ ሰው ደግሞ ማንም ያስተውላል። የቅጥር ግቢውን ጥበቃ ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቀጥ ብለው ይቁሙልኝ።»

«እኔ ወትሮም ቀጥ ያልኩ ነኝ» አሉኝ፣ ዱላቸውን ይዘው። ከጥርብ ድንጋይ በላይ ቀጥ አሉ። ፎቶው አማረ። መለኪያም ሆኑልኝ፤ ለካስ ድንጋዩ ትከሻቸው ላይ ነው የሚደርሰው። «ትልቅ ይምሰል» ላሉት አሰሪዎች ይህ እንደማይጥም ባውቅም ላክሁት።

ማታውኑ ስልኬ ጠራ።

«ብሮ፣ ያቺ ፎቶ አሪፍ ናት። አንድ ሽማግሌ ገብተው አበላሽተዋት ነበር፤ አውጥቼልሃለሁ። ድንጋዩንም አቃንቼዋለሁ። ምስጋና አያስፈልግም።»