ከጣሳው በፊት ጋኑ

ቅዳሜ፣ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ

ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ከታየ ጠላ አለ ማለት ነው። ጣሳው ግን መኖሩን እንጂ ጥሩነቱን አይናገርም። "ጠላው እንዴት ነው?" ብሎ መጠየቅም ትርፍ የለውም፤ ጠላዬ መጥፎ ነው የምትል ጠማቂ ገና አልተወለደችም። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ "እማማ፣ ጋኑ መቼ ተከፈተ?"

"ዛሬ ጠዋት" ከተባለ ጠላው ጉሽ ነው። ዱቄቱ አልዘቀጠም፣ ጣፈጥ ይላል፣ ሆድ ውስጥ ገብቶም መፍላቱን አይተውም፤ ሲነፋ የሚያመሸው ለዚህ ነው። "ትናንት" ከተባለ መቀመጥ ይቻላል። በሦስተኛው ቀን መኮምጠጥ ይጀምራል፤ ጋኑ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፣ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ደግሞ ያለ አየር አይሠሩም። ይህ ቆጠራ የታኅሣሥና የጥር ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የባሕር ዳር ሙቀት ሲበረታ፣ አንድ ቀን መቀነስ ነው። ስለዚህ ከትልቅ ጋን ይልቅ ቶሎ የሚያልቅ ትንሽ ጋን ያለበትን ቤት እመርጣለሁ። የገበያ ቀን ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ጠላው ውሎ አያድርም።

ቀጂዋ ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ወጉ እንግዳው ያለ ስጋት እንዲጠጣ ነው፤ ለሚያስተውል ግን ፊቷም ይናገራል።

ከዚያ መልኩን ማየት። ጥቁር ጠላ ኃይለኛ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ጥቁረቱ የሚመጣው ከደረቆቱ (ከሚቆላው እህል) እና ከእንኩሮው (ምጣድ ላይ ከሚታመሰው ዱቄት) መቆላት ነው፤ ከአልኮሉ ጋር ዝምድና የለውም። ዳጉሳ የገባበት ደግሞ ወደ ቀይ ያደላል። እዚህ አካባቢ፣ በተለይ በሜጫ በኩል፣ ዳጉሳ ሞልቷል፤ ከገብስና ከበቆሎ ጋር ተደባልቆ ይገባል። ተራ ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ይይዛል፤ ተጣርቶ የሚቀርበው እስከ 5 ወይም 6 ይደርሳል። የመጀመሪያው ጣሳ ቀሎ ታየኝ ብሎ አራተኛውን ማዘዝ ከዚህ ልዩነት ጋር አይሄድም።

አሁን ወደ ጋኑ። ጠላ የሚበላሸው በጌሾ ማነስ ነው የሚለውን አልቀበልም፤ አብዛኛው ጥፋት ከአጠባውና ከጥድፊያው ነው። ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፤ ያለፈው ጠላ ዝቃጭ እዚያ ውስጥ ይቀራል፣ ከዝቃጩም ጋር የሚያኮመጥጠው ተህዋስ። ስለዚህ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ፣ ያለቀለቁበት ውሃ ጠርቶ ሽታ እስኪያጣ ይታጠባል። ከዚያ ይደርቃል። ከዚያ በሚጤስ የወይራ እንጨት ላይ አፉ ተደፍቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይታጠናል። ቅደም ተከተሉ መዛነፍ የለበትም፦ ያልደረቀ ጋን ጭሱን አይይዝም፤ ያልታጠበን ጋን ማጠን ደግሞ ሽታውን በሌላ ሽታ መሸፈን ነው። እንጨቱ መጤስ እንጂ መንደድ አይገባውም፤ ከነደደ ጥቀርሻ ይለጥፋል፣ ጠላውም አመድ አመድ ይላል። ዛሬ ብዙዎች የፕላስቲክ በርሜል ይጠቀማሉ። ማጠቡ ይቀላል፣ አይሰበርም፤ የወይራው ጠረን ግን አይዘልቀውም፣ በሽቦ ከፈተጉት ደግሞ ጭረቱ እንደ ሸክላው ቀዳዳ ቆሻሻ ያዥ ይሆናል።

ቀጥሎ ብቅል። ገብሱ አንድ ቀን ይዘፈዘፋል፣ ይጠነፈፋል፣ በቅጠል ወይም በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ቡቃያው የፍሬዋን ቁመት ሲያክል ይበቃዋል። ካለፈ ቡቃያው የፍሬውን ስታርች ይበላዋል። የሚደርቀው በፀሐይ ነው። በክረምት ፀሐይ ሲጠፋ እሳት ዳር የሚያሰጡ አሉ፤ ብዙ ጠላ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም ሙቀት ሲበዛበት ይሞታል። ደረቆቱ ተቆልቷል፣ ቂጣው ተጋግሯል፣ እንኩሮው ታምሷል፤ በእነሱ ውስጥ የቀረ ኢንዛይም የለም። ብቅሉም ከሞተ እርሾው የሚበላው ያጣል፣ ጠላውም ዱቄት ዱቄት የሚል ውሃ ሆኖ ይቀራል።

ለ50 ሊትር ገደማ የሚሆን ልክ፦ 1 ኪሎ የተወቀጠ ጌሾ፣ 2 ኪሎ የብቅል ዱቄት፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ የሌላ እህል ዱቄት። እንደ ጠማቂዋ እጅ ከፍ ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ጌሾው በውሃ ከጥቂት ብቅል ጋር ይጠነሰሳል፤ በሙቀት 2 ቀን፣ በብርድ 3 ወይም 4 ቀን። የተገዛ እርሾ አይገባበትም፤ ከጌሾው፣ ከእህሉና ከጋኑ ግድግዳ የሚመጣው ይበቃል። ጥንስሱ አረፋ ሳያነሳ እህሉን መጨመር ትልቁ ጥድፊያ ነው፤ እርሾው ሳይበዛ ድግስ ሲቀርብለት ቀድሞ የሚደርሰው ሌላው ተህዋስ ነው። ከዚያ ቂጣው እየተቆራረሰ፣ እንኩሮውና የቀረው ብቅል እየተጨመረ ድፍድፉ ወፍራም ሆኖ 3 እስከ 5 ቀን ይፈላል። ወደ ላይ የሚንሳፈፈውን በየቀኑ መመለስ ያስፈልጋል፤ ላዩ ከደረቀ ይሻግታል። በመጨረሻ በውሃ ይሞላል፣ አፉ ይታሸጋል፣ አንድ ሁለት ቀን ይጠልላል።

ይህ የመጨረሻ ውሃ እሳት አይነካውም። የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ጠላ መራራና ኮምጣጣ ስለሆነ ምንም አይኖርበትም ማለት ስህተት ነው፤ ቧንቧ በጠፋበት ሰሞን ከሌላ የተቀዳ ውሃ ከሆነ ተፈልቶ መቀዝቀዝ ነበረበት። "ምን ውሃ ገባበት?" ብሎ መጠየቅ ቅር ያሰኛል፤ "ውሃ እንዴት ነው በዚህ ሰሞን?" ብሎ ጨዋታ መጀመር ግን ያው መልስ ያመጣል።

ጣሳው ምላስ ላይ ሲደርስ ይህ ሁሉ ይነበባል። ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የማይለቅ ምሬት የጌሾው እንጨት አለልክ ሲቆይ ነው። ጌሾ ያበዛ ጠማቂ አንዳንዴ የሚደብቀው ነገር አለ፤ ከሁለተኛው ጣሳ በኋላ ኮምጣጣነቱ ከምሬቱ ስር ብቅ ይላል። የተቃጠለ ቆሎ የሚመስል መራራ ከጌሾው አይደለም፣ እንኩሮው ምጣድ ላይ አርሮ ነው። ቀጠን ብሎ ምንም የማይል ከሆነ ደግሞ ቅራሪ ነው፤ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የወጣ። ቅራሪ ነውር የለበትም፣ ለቀትር ጥም ከዋናው ይሻላል፤ ነውሩ በዋናው ዋጋ ሲሸጥ ነው። ከጣና ሐይቅ ማዶ፣ በጎንደር በኩል፣ ኮረፌ የሚባለው ወንድሙ አለ፤ ድፍድፉ 2 እና 3 ወር ተቀምጦ ሲፈለግ ብቻ ውሃ ይጨመርበትና በማግስቱ ይጠጣል። ለድንገተኛ እንግዳ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

የጌሾ ነገር ሲነሳ የጣና ዳሩን ዘጌን አለማንሳት አይቻልም። ሞፈርና ከብት በማይገባበት በዚያ ደን ጥላ ስር ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው አብረው ይበቅላሉ። ሲገዙ ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ፣ ሲፈረክሱት ሽታው የሚነሳ መሆን አለበት፤ ቡናማ ሆኖ እንደ ገለባ የሚሸት ከሆነ ሰንብቷል።

ሎሚው ደግሞ ለዓሣው ነው። ጠላ ቤት ውስጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ቆሎ ወይም ንፍሮ ስለሆነ ዓሣው ከሌላ ይመጣል፤ ይዞ ለመግባት ባለቤቷን ማስፈቀድ ነው። ቀረሶ ከሆነ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ በየጎኑ እስከ አጥንቱ 3 ወይም 4 ጊዜ መተልተል አለበት። ያለዚያ ጅራቱ ሲደርቅ ጀርባው ጥሬ ይቀራል። ውሃው በጨርቅ ካልደረቀ ዘይቱ ይረጫል፣ ሙቀቱም ይወርዳል፤ በቀዘቀዘ ዘይት የገባ ዓሣ ከመጥበስ ይልቅ ዘይት ይጠጣል። ግማሽ ኪሎ ለሚሆነው በአንድ ጎን 5 ወይም 6 ደቂቃ ይበቃዋል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ስቡ ብዙ ነው፣ አንዳንዴም ጭቃ ጭቃ ይላል፤ በሎሚና በጨው ታሽቶ መታጠብ ይፈልጋል። ከጠላ ጋር ግን ከቀረሶ አምባዛን አስቀድማለሁ፤ ምሬቱና ኮምጣጣነቱ ስቡን ይቆርጡታል፣ ቀረሶን ደግሞ ይጫኑታል። አዋዜ በልክ፤ ሚጥሚጣ ከበዛ የጠላው ጣዕም አይለይም።

ወደ ቤት የሚወሰድ ከሆነ ጄሪካኑ ዘይት ወይም ናፍታ የነካው እንዳይሆን። እስከ አፉ አይሞላም፤ አራት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ይተውለታል፣ ክዳኑም ላላ ይላል፤ በተለይ ጉሹ በባጃጅ ሲናጥ ጋዙ መውጫ ካጣ ጄሪካኑን ይነፋዋል። ቤት ሲደርስ ጥላ ቦታ አንድ ሰዓት ያርፋል፣ ከላይ ቀስ ብሎ ይቀዳል፣ ከታች የቀረው ሁለት ጣት ዝቃጭ ይተዋል። የሚጠጣውም እስከ ነገ ማታ ድረስ ነው።