ሦስተኛዋ ክር ከቅኝት መውጣት ስታቆም

ሰሞኑን አንድ ሙሉ ልምምድ ለመቃኘት ሳላቆም ተጫወትኩ። ሶሎው ቤንድ (ክሩን በጣት ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ) የበዛበት ነው፤ እሱ እንዳለቀ ደግሞ ወዲያው ንጹሕ ኮርድ ይመጣል። ኮርዱ ልክ እንደተቃኘ ሆኖ ጠበቀኝ። ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ሰው ይህ እንዴት እንደሚያስደስት ይገባዋል። እንግዲህ ዛሬ ጊታር ሳነሳ «ይሄ ከሌለማ አይሆንልኝም» የምላቸውን ነገሮች ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ላይ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። እንደ ማንኛውም ጀማሪ ዓይኔ የሚያርፈው ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ላይ ነበር፤ ባለ ሁለት ጥቅል ሽቦው ሀምበከር ይሻላል ወይስ ባለ አንዱ ሲንግል ኮይል የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ሀምበከር ከመብራት መስመር የሚመጣውን «እምምም» የሚል ጩኸት ያጠፋል፤ የጊታር አምራቹ ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ኤሌክትሪክ ጊታሮቹ ላይ መግጠም የጀመረውም ለዚሁ ነው። ሲንግል ኮይል ይጮሃል፣ ግን ጥርት ይላል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ በቃ። ከፒክአፕ ይልቅ እጄ ላይ ልዩነት ያመጣው ከናት (ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ) እስከ ብሪጅ (አካሉ ላይ የሚያርፉበት) ያለው የክሩ ርዝመት ነው። በፌንደሮቹ የተለመደው 648 ሚሊሜትር፣ በጊብሰኖቹ 628 ገደማ ነው። ያው ውፍረት ያለው ክር ያው ኖታ ላይ ሲቃኝ አጭሩ ላይ ላላ ይላል፤ ቤንድ ለሚያበዛ ሰው ይህች ሁለት ሴንቲሜትር ቀላል አይደለችም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ለረጅም ጊዜ አላስቀምጥ ያለችኝ ሦስተኛዋ ክር፣ ጂ ናት። ሌሎቹ አምስቱ ቅኝታቸውን ጠብቀው እሷ ብቻዋን ትወርዳለች። ምክንያት አላት፤ በተለመደው ስብስብ ውስጥ ሽቦ ካልተጠመጠመባቸው ሦስት ክሮች ወፍራሟ እሷ ናት። ሦስት መቃኛ (ክሩን የሚወጥረው ቁልፍ) በአንድ ወገን፣ ሦስት በሌላው በተደረደረባቸው ጊታሮች ላይ ደግሞ ሦስተኛዋና አራተኛዋ ክር ከናቱ እንደወጡ ወደ ጎን አጥብቀው ይታጠፋሉ። ያ መታጠፍ ክሯን ከናቱ ቦይ ግድግዳ ጋር ያጣብቃታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንድ ስናደርግ ክሩ ይወጠርና ከናቱ በስተኋላ ካለው ትንሽ ወደ ፊት ይሳባል። ስንለቀው ወደ ቦታው መንሸራተት አለበት። ቦዩ ከያዘው ግን የተሳበችው ትርፍ እዚያው ትቀራለች፤ ክሩ ላላ ብሎ ድምፁ ይወርዳል። በትሬሞሎ ክንድ (ብሪጁን አንቀሳቅሶ ክሮቹን በሚያላላው ዘንግ) ወደ ታች ስናወርድ ተቃራኒው ይሆናል፦ ክሩ ወደ መቃኛው ይሸሻል፣ ተይዞ ከቀረም ስንመልሰው ድምፁ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ከቤንድ በኋላ የሚወርድ፣ ከትሬሞሎ በኋላ የሚወጣ ክር ካላችሁ ሌላ ነገር ከመጠርጠራችሁ በፊት ናቱን ጠይቁት።

መፈተሻው ቀላል ነው። ክሩን ቃኙ፣ ጠንካራ ቤንድ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ቱነሩን (የቅኝት መለኪያውን) እዩ። ወርዶ ከሆነ ከናቱ በስተኋላ፣ በናቱና በመቃኛው መካከል ያለውን የክሩን ክፍል በጣት ጫን አድርጋችሁ ተዉት። መርፌው ወደ መሐል ከተመለሰ ችግሩ ናቱ ነው። ካልተመለሰ መቃኛው ላይ ያለውን ጥምጥም፣ አዲስ ክር ከሆነ አለመሳቡን፣ አለዚያም ብሪጁን መመርመር ነው። ስትቃኙ «ቲክ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ኖታው በአንዴ ዘሎ ካለፈም ያው ናቱ ነው።

ባለ 9 ከሚባለው ቀጭን የክር ስብስብ ወደ ወፍራሙ ባለ 10 የተሸጋገራችሁ ይህን ልብ በሉ። ሦስተኛዋ ክር ከ0.41 ወደ 0.43 ሚሊሜትር፣ ስድስተኛዋ ከ1.07 ወደ 1.17 ትወፍራለች። ለቀጭኑ በልኩ የተቀረጸ ቦይ ወፍራሙን እንደ ጠባብ ጫማ ይይዘዋል። መፍትሔው ቦዩን በጣም በትንሹ ማስፋት ነው፤ ማስፋት እንጂ ማጥለቅ አይደለም። እኔ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጥፌ ግድግዳዎቹን ብቻ አሻሸሁ፣ በየሁለት ሦስት ምልልሱ ክሩን መልሼ እየሞከርኩ። ወለሉ ወደ መቃኛው አቅጣጫ ትንሽ ማዘቅዘቅ አለበት፤ ክሩ በመጨረሻ የሚለቀው በፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በተደረደሩት ብረቶች) በኩል ያለውን ጠርዝ መሆን አለበት። ካልሆነ ክፍቱ ክር (ጣት ያልተጫነበት) ይንዘረዘራል፣ ኖታውም ልክ አይመጣም። ከዚያ የእርሳስ ዱቄት፦ ለስላሳ እርሳስ ስሉና ቦዩ ውስጥ አሽከርክሩት። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፤ ክር በቀየራችሁ ቁጥር ግን መድገም ያስፈልጋል።

ጥልቀቱን ለማየት ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ጫኑትና ከመጀመሪያው ፍሬት በላይ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። የወረቀት ውፍረት የምታህል ክፍተት ካለች ደህና ነው። ክሩ ፍሬቱን ነክቶ ከተኛ ቦዩ ጠልቋል፣ በብርጭቆ ወረቀት የሚመለስ ነገርም አይደለም። ናትን ከአጥንት ከባዶ መቅረጽ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም፤ እሱን ለሙያተኛ ነው የምተወው፣ ገንዘቡም ይገባዋል ባይ ነኝ።

ብዙ ሰው ቅኝት አልቆም ሲለው መጀመሪያ የሚመክረው «መቃኛውን ቀይር» ነው። አልስማማም። የሚቆልፍ መቃኛ እወዳለሁ፣ ዛሬ ያለሱ ጊታር ባልገዛ እመርጣለሁ፤ ክሩን በጥርሱ ነክሶ ስለሚይዘው ጥምጥም አያስፈልግም፣ የሚንሸራተት ትርፍ የለም፣ ክር መቀየርም እጅግ ይፈጥናል። ግን የሚያጣብቅ ናት ላይ ምንም አያደርግም። ፍሎይድ ሮዝ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ያመጣው የትሬሞሎ ዘዴ ለምን እንደሠራ ብታስቡ ይገባችኋል፦ ክሩን የቆለፈው እዚያው ናቱ ላይ ነው። ክሩ ናቱ ላይ ወይ ሙሉ በሙሉ መቆለፍ ወይ ሙሉ በሙሉ መንሸራተት አለበት፤ መሐል ላይ ያለው ነው የሚያሰቃየን።

ሌላው የማልለየው ነገር ቮልዩም ነው። ቮልዩም ማለቴ ዝቅ ስታደርጉት ድምፁን የማያፍን ቮልዩም ነው። አምፑን (ማጉያውን) ድምፁ ትንሽ እስኪቆሽሽ ከፍቼ ጊታሩን ወደ ስድስት ዝቅ ሳደርገው ሪትሙ ይጠራል፤ ለሶሎው ወደ አሥር እመልሰዋለሁ፣ ፔዳል መርገጥ የለም። ችግሩ ቮልዩሙ ሲወርድ የሚጨምረው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከገመዱ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ ባሕርይ) ጋር ተባብሮ ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል። መድኃኒቱ ቮልዩሙ ላይ የሚበየድ ትሬብል ብሊድ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያሳልፍ ትንሽ ሰርኪዩት ነው። የእኔ 1000 ፒኮፋራድ ካፓሲተርና 150 ኪሎኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን ነው። ካፓሲተር ብቻውን ስታስገቡ ዝቅ ባለ ቁጥር ድምፁ ከመጠን በላይ ይቀጥናል፣ ሬዚስተሩ ያንን ያለዝበዋል። የቮልዩሙ ማዞሪያ ከትንሿ ጣት ርቆ የተቀመጠበት ጊታርማ ምንም ያህል ቢያምር ለእኔ አይደለም።

የትኛው ፒክአፕ እንደሚሠራ የሚመርጠውን ባለ አምስት ቦታ መቀየሪያንም ሳልጠቅስ አላልፍም። የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ ሦስት ፒክአፕ ይዞ መቀየሪያው ግን ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾች መቀየሪያውን በሁለቱ መካከል እያቆሙ ሁለት ፒክአፕ አብሮ የሚሰጠውን ድምፅ ያወጡ ነበር፤ ፌንደር ባለ አምስቱን በመደበኛነት የገጠመው በ1977 ነው። ተጫዋቹ በእጁ ሲፈልገው የኖረውን ነገር ፋብሪካው ሃያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ሰጠው። እነዚያ መካከለኛዎቹ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ፣ ለንጹሕ ሪትም አቻ የላቸውም።

የማይዝግ ብረት ፍሬት፣ የሚቆልፍ የማንገቻ ቁልፍ፣ ደስ ይላሉ፤ ሲኖሩ እጠቀማለሁ፣ ሳይኖሩም እጫወታለሁ። ገንዘብ በእጃችሁ ካለና አንድ ነገር ብቻ መቀየር ከቻላችሁ ግን ፒክአፑን ለጊዜው ተዉትና ናቱን አሠሩ።

አሁን ትሬሞሎ ባለው ሁለተኛው ጊታሬ ላይ ያንኑ ሥራ እየጀመርኩ ነው። ስድስተኛዋ ክር ክንዱን ካወረድኩት በኋላ አሁንም ትንሽ ከፍ ብላ ትመለሳለች፤ ቦይዋን አስፍቻለሁ፣ እርሳሱንም ቀብቻለሁ። ሮለር ናት (ክሩ በሚሽከረከሩ ትንንሽ ጥቅልሎች ላይ የሚያልፍበት ናት) ትሬሞሎ ካለው ጊታር ጋር በየቀኑ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ክፍት ክር ላይ ድምፁን ይቀይረው እንደሆነ ንገሩኝ።