በስምንት ዓመት የሳተ ደብዳቤ

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን ወጣት ማዕከል ስለ ፊልም ተዋናይቷ ኦድሪ ሄፕበርን የ40 ደቂቃ ትረካ አቅርቤ ነበር። ፎቶው በፕሮጀክተር፣ ታሪኩ በአማርኛ። ዝግጅቱ አራት ወር ፈጀብኝ። ከአራቱ ወር ሁለቱን የበላው አንድ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የምትጀምሩ ካላችሁ እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ኦድሪን ብዙዎቻችን በመልክ እናውቃታለን። ጥቁር ቀሚስ፣ የአንገት ዕንቁ፣ ረጅም የሲጋራ መያዣ። በየፀጉር ቤቱና በየካፌው ግድግዳ ላይ አይቻታለሁ። ማን ናት ብዬ ስጠይቅ ግን "ሞዴል ናት መሰለኝ" ይሉኛል። ይቺ ሴት መቀሌ መጥታ እንደነበር የሚያውቅ አንድም ሰው አላገኘሁም። ዩኒሴፍን ወክላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደችው ወደ እኛ አገር ነው። ይሄ አንገበገበኝ። ነገሩ የተጀመረው ከዚህ ነው።

አዳራሹን በአንድ ማመልከቻ አገኘሁ። ፕሮጀክተሩን ጓደኛዬ አዋሰችኝ። የሕይወት ታሪኳን ማንበብም አልከበደኝም፤ በሁለት ሳምንት ጨረስኩ።

የከበደኝ ከየት ልጀምር የሚለው ነበር። ያነበብኩት አብዛኛው ጽሑፍ ከፊልሙ ይጀምራል። "ሮማን ሆሊዴይ" እ.ኤ.አ. 1953፣ ኦስካር 1954፣ በዚያው ዓመት ደግሞ በመድረክ ቴአትር የቶኒ ሽልማት። ከዚያ የዲዛይነሩ የዢቫንሺ ልብሶች፣ ከዚያ 1961 እና "ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ"። "ማይ ፌር ሌዲ" ላይ ዘፈኖቿ አብዛኞቹ በዘፋኟ በማርኒ ኒክሰን ድምፅ ተተክተው ምን ያህል እንዳዘነች። ሁሉም እውነት ነው። ለእኛ ተመልካች ግን በዚህ መጀመር ስህተት ነው ባይ ነኝ። እኔ ከረሃቡ ጀመርኩ።

ኦድሪ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1929 ብራስልስ ነው። እናቷ የሆላንድ ባላባት ዘር ናት። አባቷ ገና በስድስት ዓመቷ ጥሏቸው ሄደ። ሁለቱም ወላጆቿ በ1930ዎቹ የእንግሊዝ ፋሺስቶች ደጋፊ ነበሩ። ይህን ልተወው ወይስ ላውራው ብዬ አስቤበታለሁ፤ አወራሁት። የሰው ታሪክ ሲነገር ያሳፈረውም መነገር አለበት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እናቷ "ሆላንድ ይሻላል" ብላ እዚያ ወዳለችው አርንሄም ከተማ ወሰደቻት። በ1940 ጀርመኖች እዚያም ገቡ። "ኦድሪ" የሚለው ስም በአባቷ በኩል ያገኘችውን እንግሊዛዊነቷን ስለሚያሳብቅ "ኤዳ" ተባለች። የአክስቷን ባል በ1942 ረሸኑት። በ1944 መጨረሻ ደግሞ ምግብ ጠፋ። ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ በላ። እስከ ጸደይ ድረስ ወደ 20 ሺህ ሰው በረሃብ አለቀ። እሷ 15 ዓመቷ ነበር። ደም አነሳት፣ ሰውነቷ አበጠ። ነፃ ሲወጡ የደረሰላቸው የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት ነው።

ሕልሟ ባሌ ነበር። ሎንደን የባሌ አስተማሪዋ ማሪ ራምበርት ዘንድ ተማረች። ግን ቁመቷና ያ የረሃብ ዘመን ተደማምረው ዋና ዳንሰኛ እንደማትሆን ተነገራት። ወደ ቴአትር የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። በ1951 ሞንቴ ካርሎ ላይ ፈረንሳዊቷ ደራሲ ኮሌት አይታት ለብሮድዌይ፣ ለኒውዮርክ የቴአትር መድረክ፣ መረጠቻት። ያ ቅጥነቷ በመጽሔት ሲወደስ ሳይ ምግብ ያጣችው ልጅ ትታወሰኛለች።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ረቂቄ መዝጊያው ግጥም ነበር፤ ስለ ውብ ከንፈርና ስለ ውብ ዓይን የሚለው፣ በስሟ የሚዞረው። ሦስት ቀን ሙሉ ተርጉሜዋለሁ። እሷ አልጻፈችውም። የጻፈው ሳም ሌቨንሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እሷ ወድዳው ታነበው ነበር። ቆርጬ ጣልኩት። ከእሷ ፎቶ ሥር የተጻፈ ጥቅስ ስታዩ ቶሎ አትመኑ።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልግባ።

የመቀሌው ክፍል እንዲጎላ ፈልጌ ነበር። የውጭ ጽሑፎች የሚሉት ሁሌ ያው ነው፦ ማርች 1988፣ መቀሌ፣ 500 የተራቡ ልጆች ያሉበት የሕፃናት ማሳደጊያ። የእኛ ጋዜጦችስ በጊዜው ምን ጻፉ? ፎቶ አለ? ይህን ለማወቅ አሮጌ ጋዜጦች የሚቀመጡበት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትብብር ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ወጣት ማዕከሉ እሺ አለኝ። "አንቺው አርቅቂው፣ እኛ ማኅተም እንመታለን" አሉኝ። አረቀቅኩ። "በመጋቢት ወር 1988 ዓ.ም. አገራችንን ስለጎበኘችው ተዋናይት" ብዬ ጻፍኩ።

ስህተቱ ታያችሁ? እኔ አልታየኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ሳነብ ሰንብቼ እጄ በልማዱ "ዓ.ም." ብሎ ጨረሰው።

ደብዳቤው ገቢ ሆነ፣ ቁጥር ተሰጠው። "ሳምንት ተመለሽ" አሉኝ። ሳምንት ተመለስኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት "ወደ ክፍሉ ተመርቷል" ተባልኩ። ክፍሉ የት ነው? ስል "እህቴ፣ ተገልጋይ እዚያ አይገባም፤ እዚህ ጠብቂ።" በአራተኛው ሳምንት ጋዜጦቹን የሚፈልገው ልጅ ፈቃድ ላይ ነው። በስድስተኛው ሳምንት መልስ ወጣ። ሦስት መስመር ነው። በተጠቀሰው ጊዜ የተጠየቀው መረጃ አልተገኘም ይላል። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው።

እኔ ደግሞ አመንኩት! እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ቤቴ ገብቼ ትረካው ላይ "የአገራችን ጋዜጦች አንድ መስመር እንኳ አልጻፉም" ብዬ ጨመርኩ። በንዴት ነው የጻፍኩት። ለጓደኞቼም አወራሁ። በሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ የማላውቃቸውን ጋዜጠኞች ወቀስኩ። ምንም ያላጠፉ ሰዎች።

የባነንኩት የሞተችበትን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስቀይር ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን 1993፤ ጥር 12 ቀን 1985 ዓ.ም.። ቃና ዘገሊላ። እኛ ታቦት ስንሸኝ ነው ስዊዘርላንድ ውስጥ በካንሰር ያረፈችው። ቀኑን ወድጄው ከሥሩ አሰመርኩ። ከዚያ ከፍ ብዬ "1988 ዓ.ም." የሚለውን አየሁ። በ1985 የሞተች ሴት በ1988 እንዴት መቀሌ ትመጣለች? ሰውነቴ ቀዘቀዘ። የመጣችው በ1980 ዓ.ም. ነው። መሥሪያ ቤቱ ስድስት ሳምንት ሲፈልግ የከረመው ከሞተች ሦስት ዓመት በኋላ የወጡ ጋዜጦች ውስጥ ነው።

በነጋታው ሮጬ ሄድኩ። አዲስ ደብዳቤ፣ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ቀጠሮ። የዚያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ ፈላጊውን ራሱን አገኘሁት። ትሁት ልጅ ነው። ነገሩን ስነግረው "እኔም ገርሞኝ ነበር፤ የደርግ ጊዜ ታሪክ ነው እኮ፣ 88 ላይ ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። ግን ደብዳቤው እንደዚያ ስለሚል..." አለኝ። ስልኬ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ተጽፏል። አንድ ጊዜ ቢደውል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ግን እያወቁ ዝም ማለትስ ሥራ ነው? እስካሁን ያናድደኛል።

የ1980 ጥራዝ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለጥገና ወጥቷል ተባልኩ። ትረካው ሊቀርብ የቀረው 12 ቀን ነበር። አልደረሰልኝም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ደብዳቤ ላይ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። አጠገቡም "በደርግ ዘመን" ብላችሁ ጨምሩበት። ወሩንም ተጠንቀቁ፤ ማርች ማለት መጋቢት ብቻ አይደለም። የዚያ ዓመት ማርች ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 22 ነው። መጋቢትን ብቻ ፈልጉልኝ ብትሉ ዘጠኝ ቀን ያመልጣችኋል። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ጥያቄ በመዝገብ ቤት በኩል ብቻ ይቀርባል ይላል። እኔ ግን ደብዳቤውን አስገብታችሁ ስታበቁ ጋዜጣውን የሚፈልገውን ሰው ራሱን አግኙት እላለሁ። ቡና ሰዓት ላይ ይወጣል። ምን እንደምትፈልጉ በአፋችሁ ንገሩት። መልስ ከመጣ በኋላም "አልተገኘም" የሚለውን አትመኑ፤ የትኛው ጥራዝ ታየ ብላችሁ ጠይቁ።

ትረካው ቅዳሜ ከሰዓት ቀረበ። ወደ 60 ሰው መጣ። ስለ ጋዜጦቹ የጻፍኩትን አረፍተ ነገር አውጥቼው ነበር። የሆላንዱን ረሃብ ስናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። ነጭም ይራባል እንዴ የሚል ፊት አየሁ። መቀሌ ላይ ስደርስ ደግሞ ሰው ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ከእኛ በኋላ ሱዳን፣ ባንግላዴሽ፣ ቬትናም መሄዷን፣ በመጨረሻም መስከረም 1985 ሶማሊያ ደርሳ ከአራት ወር በኋላ ማረፏን ነገርኳቸው። ያን ቀን ኮራሁ። አሁንም እኮራለሁ።

ሲያልቅ አንድ አባት ወደ እኔ መጡ። በ1980 የእርዳታ እህል የሚጭን መኪና ሹፌር ነበሩ። "ልጄ፣ ያኔ እንግዳ ብዙ ይመጣ ነበር። ማን ማን እንደሆነ አናውቅም። ዓይናችን የሚራገፈው ጆንያ ላይ ነበር" አሉኝ። ስለ መንገዱ፣ መንገድ ሲዘጋ መኪና ውስጥ ስላደሩባቸው ቀናት ቆመው አወሩኝ። እኔ ግን ፕሮጀክተሩን ለመመለስ ቸኩዬ ነበር። ስማቸውን አልጠየቅኩም። ስልካቸውን አልተቀበልኩም።

ሁለት ወር ለወረቀት ኮሪደር ስጠብቅ ሰውዬው እዚሁ ሰፈር ነበሩ። አዲሱ ደብዳቤ እንደገባ ነው፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው። እሳቸውን ደግሞ ማዕከሉ አጠገብ ያሉትን ባለሱቆች እየጠየቅኩ ነው። ኮፍያ ያደርጋሉ፣ ግራ እግራቸውን ትንሽ ያነክሳሉ። አንዷ ባለሱቅ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንደሚያልፉ ነግራኛለች።