የአጎቴ የልብስ ስፌት መኪናና ልባቸው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋዋኔን ላሳጥር ቀፊራ ገበያ አጠገብ ወደሚሰፉት አጎቴ ሄድኩ። የልብ ማዳመጫዬ ከቦርሳው ብቅ ሲል አዩና መኪናቸውን አቆሙ። «እስኪ የእኔን አሰሚኝ!» ጆሯቸው ላይ ሰክቼ ጫፉን ከግራ ጡታቸው በታች አሳረፍኩ። ፊታቸው ተለወጠ። «ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የምትመታው?»

የምትመታውስ አንድ ጊዜ ነው። የሚሰማው የበሮቿ መዘጋት ነው። የታችኞቹ ክፍሎች ሲኮማተሩ ከላይኞቹ የሚለዩአቸው ሁለት ቫልቮች ይዘጋሉ፤ ወፍራሙና ረዘም ያለው «ዱብ» ያ ነው። ደሙ ወደ ሳንባና ወደ ሰውነት ከተገፋ በኋላ ደግሞ ተመልሶ እንዳይገባ የመውጫዎቹ ቫልቮች ይዘጋሉ፤ ይህኛው ቀጠን፣ አጠር ይላል። ከዚያ ጸጥታ። ልብ በደም የምትሞላው በዚህ ጊዜ ነው።

«መርገጫውን ማን ይረግጥላታል?» አሉኝ። ማንም። በቀኙ የላይኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ያሉ ጥቂት ሴሎች ራሳቸው ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ አንጎል ቢያፈጥናት ወይም ቢያዘገያት ነው። በደቂቃ 72 ቆጠርኩ፤ ላረፈ አዋቂ ከ60 እስከ 100 ደኅና ነው።

በሁለቱ ድምፆች መካከል «ሽው» የሚል ብሰማ ኖሮ ዝም ባላልኩ። ቫልቭ ሲጠብ ወይም ሲያፈስ ደሙ እየተናወጠ ያልፋል። ያንን ሽውታ የጉሮሮ ሕመማቸው ሳይታከም ቀርቶ ልባቸው በተጎዳ ልጆች ደረት ላይ ሰምቼዋለሁ፤ አልወደውም። የአጎቴ ግን ጥርት ያለ ነበር።

ማዳመጫውን ለመመለስ አሻፈረኝ አሉ። ደንበኛ እየጠበቀ የቡና ሻጯን ልብ ለመስማት ተነሡ። ጋዋኔ እስከ ማክሰኞ ቆየ።