ቪኔሽ ፎጋት፣ ዩዊ ሱሳኪ እና 100 ግራም

ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ፓሪስ፣ ሻን ደ ማርስ አሬና። የሴቶች ነፃ ትግል፣ 50 ኪሎ፣ የመጀመሪያ ዙር። ጃፓናዊቷ ዩዊ ሱሳኪ ህንዳዊቷን ቪኔሽ ፎጋትን 2 ለ 0 እየመራች ነው፤ የቀሩት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ሱሳኪ በቶኪዮው ኦሊምፒክ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳይቆጠርባት ወርቅ የወሰደች፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ከውጭ አገር ታጋዮች ጋር 82 ጊዜ ገጥማ አንዴም ያልተሸነፈች ናት። ግጥሚያው ሲያልቅ ግን ሰሌዳው 3 ለ 2 ይል ነበር፣ አሸናፊዋም ቪኔሽ።

ያንን ግጥሚያ ያየ ሰው ሦስት ጥያቄ ይዞ መቅረቱ አይገርምም። ሱሳኪ ማንንም ሳትጥል 2 ነጥብ ከየት አመጣች? 2 ለ 2 ሲሆን ለምን ቪኔሽ መሪ ተባለች? ሱሳኪን ያሸነፈችው ሴትስ በማግስቱ ጠዋት እንዴት ደረጃ እንኳ አጣች? ሦስቱን የመለሰ ሰው የሴቶችን ነፃ ትግል ሕግ ከሞላ ጎደል አወቀ ማለት ነው፤ እዚህም የማደርገው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ መነሻውን በአጭሩ። ግጥሚያው ሁለት ጊዜ 3 ደቂቃ ነው፣ በመካከሉ 30 ሰከንድ እረፍት። የመጫወቻው ክብ ከዳር እስከ ዳር 9 ሜትር ነው፤ የመጨረሻው 1 ሜትር በሌላ ቀለም የተሠራ ቀለበት ሲሆን፣ ከእሱ ውጭ አንድ እግሯ ያረፈ ታጋይ 1 ነጥብ ትሰጣለች። ተጋጣሚን ምንጣፍ ላይ አውርዶ ከኋላ መቆጣጠር 2 ነጥብ ነው። ሲወርዱ ሦስት የሰውነት ክፍል፣ ለምሳሌ ሁለት ጉልበትና አንድ እጅ፣ መሬት መንካት አለበት፤ አንድ ጉልበት ብቻ ከነካ ዳኛው እጁን አያነሳም። ጀርባን ወደ ምንጣፍ ማዞር 2፣ ከቁመት አንስቶ በቀጥታ በጀርባ መጣል 4፣ በትልቅ ቅስት ወርውሮ መጣል 5። የ10 ነጥብ ልዩነት ከተፈጠረ ግጥሚያው እዚያው ያበቃል። ሁለቱ ትከሻዎች አንድ ላይ ምንጣፍ ከነኩና ከተያዙ ደግሞ ነጥብ ምንም ይሁን ምን አለቀ። ከወንዶቹ የሚለይ አንድ ክልከላ አለ፦ ሁለቱንም እጅ በተጋጣሚ ብብት ሥር አሳልፎ ማጅራት ላይ መቆለፍ በሴቶች ትግል ቆመውም ሆነ ተኝተው ፈጽሞ አይፈቀድም።

አሁን ወደ ሱሳኪ 2 ነጥብ። በነፃ ትግል ውስጥ ዝም ብሎ መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። ዳኛው አንዷ ወደ ኋላ እያፈገፈገች፣ የተጋጣሚዋን እጅ ብቻ ይዛ ጊዜ እየገደለች እንደሆነ ካየ መጀመሪያ ያስጠነቅቃታል፤ ካልተሻሻለች 30 ሰከንድ ይቆጠርባታል። በእነዚያ 30 ሰከንዶች ውስጥ ከሁለቱ አንዳቸውም ነጥብ ካላስቆጠሩ 1 ነጥብ ለተጋጣሚዋ ይሰጣል። በመጀመሪያው አጋማሽ 2 ደቂቃ ያለ ነጥብ ካለፈ ደግሞ ዳኛው የግድ አንዷን መምረጥ አለበት። ቪኔሽ በመጀመሪያው አጋማሽ አንዴ፣ በሁለተኛው አጋማሽ አንዴ ተቆጠረባት። 2 ለ 0 ማለት ይኸው ነው፤ ሱሳኪ እግሯን ይዛ አልጣለቻትም።

ይህ የፍርሃት ውጤት የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የሱሳኪ መሣሪያ የእግር ጥምዘዛ ነው። አንዴ ካወረደች የተጋጣሚዋን ሁለት ቁርጭምጭሚት አንዱን በሌላው ላይ ታደርጋለች፣ ከጎኗ ጋር አጣብቃ በሁለት ክንዷ ታቅፋቸዋለች፣ ከዚያ በራሷ ጀርባ ትንከባለላለች። እግሮቿ የተቆለፉባት ሴት ወገቧ ተከትሎ ይዞራል፣ ጀርባዋም ምንጣፍ ያያል። እያንዳንዱ ዙር 2 ነጥብ ነው። ቁልፉ ካልተፈታ አራት ዙር 8 ነጥብ፣ ከማውረዱ 2 ጋር 10፤ ግጥሚያው ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። መከላከያው ቁርጭምጭሚቶቹ ከመቆለፋቸው በፊት ነው፦ እግርን ማራራቅ፣ ወገብን ወደ ምንጣፍ መጫን፣ አንዱን ጉልበት ወደ ጎን አውጥቶ መሰካት። ብዙዎች የሚሳሳቱት ከተቆለፈ በኋላ በእጃቸው ለመፍታት ሲሞክሩ ነው፤ እጃቸው ከምንጣፍ ሲነሳ የሚደግፋቸው ነገር ስለማይኖር እንዲያውም በቀላሉ ይዞራሉ። ስለዚህ በሱሳኪ ላለመውረድ ሁለት ነጥብ መክፈል ስሌት ነው፣ ያውም የበሰለ ስሌት።

ስሌቱ የሚሠራው ግን አንድ ሕግ በመኖሩ ነው። ግጥሚያው በእኩል ነጥብ ሲያልቅ ጭማሪ ሰዓት የለም። መጀመሪያ የሚታየው ከፍተኛ ዋጋ ያለው ነጥብ ያላት ማን ናት የሚለው ነው፤ ይህ ካልለያቸው ማስጠንቀቂያ ያነሰባት፣ ያም ካልለያቸው የመጨረሻውን ነጥብ ያገኘችው። የሱሳኪ 2 ነጥብ አንድና አንድ ሆኖ የተሰበሰበ ነው። ቪኔሽ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ያስቆጠረችው አንድ ሙሉ 2 ነው። ሰሌዳው 2 ለ 2 ሲል በሕጉ መሪዋ ቪኔሽ ነበረች። 2 ለ 0 የምትመራ ታጋይ አሰልጣኟ "አንድ ነጥብ ጨምሪ!" እያለ የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ 3 ለ 0 ቢሆን ኖሮ አንድ ማውረድ አይበቃም ነበር።

ሦስተኛዋ ነጥብስ? አሰልጣኞች ጥግ ላይ ለስላሳ ስፖንጅ ይዘው ይቀመጣሉ። ውሳኔ ካልተስማማቸው ወዲያው፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ፣ ወደ ምንጣፉ ይወረውሩታል፤ ዳኞቹም ቪዲዮ ያያሉ። አቤቱታው ትክክል ሆኖ ከተገኘ ዕድሉ ተመልሶ ይሰጣል። ካልሆነ 1 ነጥብ ለተጋጣሚ ይገባል፣ በዚያ ግጥሚያም ሌላ አቤቱታ የለም። የጃፓን ጥግ የቪኔሽን ማውረድ ተቃወመ፣ ተሸነፈ፣ 3 ለ 2 ሆነ። በዚያ ሰዓት መወርወሩ ግን ስህተት አልነበረም፤ የሚያጡት ነገር አልቀራቸውም ነበርና። ስፖንጅ የሚያስቆጨው ገና በመጀመሪያው ደቂቃ በንዴት ሲወረወር ነው።

ቪኔሽ በዚያው ቀን ዩክሬናዊቷን ኦክሳና ሊቫችን 7 ለ 5፣ ኩባዊቷን ዩስኔይሊስ ጉዝማንን 5 ለ 0 አሸንፋ ፍጻሜ ገባች። ወርቅ ወይም ብር የተረጋገጠ መሰለ። ቀሪው ትግል ከሚዛን ጋር ነበር።

እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ አንድ የኪሎ ምድብ በአንድ ቀን ይጠናቀቅ ነበር፣ ታጋይዋም የምትመዘነው አንዴ ብቻ፣ ከውድድሩ በፊት በነበረው ቀን ነው። ብዙ ኪሎ በላብ አውጥቶ መመዘን፣ ሌሊቱን በሙሉ መጠጣትና መብላት፣ ጠዋት ከብዶ መታገል የተለመደ ነበር። አሜሪካዊቷ ሄለን ማሩሊስ በ2015 የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በ55 ኪሎ ነው፤ በሪዮው ኦሊምፒክ ግን 55 ስላልነበረ ወደ 53 ወርዳ፣ 13 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችውን ሳኦሪ ዮሺዳን በፍጻሜው 4 ለ 1 ረታች። ከ2018 ጀምሮ ግን አንድ ምድብ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ በሁለቱም ቀን ጠዋት ሚዛን አለ። የመጀመሪያው ቀን 30 ደቂቃ፣ የሁለተኛው 15 ደቂቃ ይቆያል። በዓለም ዋንጫና በአንዳንድ ዓለም አቀፍ ውድድሮች 2 ኪሎ ይታለፋል፤ በኦሊምፒክና በዓለም ሻምፒዮና አንዲት ግራም የለችም።

የምድቦቹ ቁጥርም ችግሩን ያባብሰዋል። የዓለም ሻምፒዮና ለሴቶች 10 ምድብ አለው፦ 50፣ 53፣ 55፣ 57፣ 59፣ 62፣ 65፣ 68፣ 72 እና 76። ኦሊምፒክ 6 ብቻ፦ 50፣ 53፣ 57፣ 62፣ 68፣ 76። በኦሊምፒክ ዓመት የ55 ኪሎ ሴት ወይ ትወርዳለች ወይ ትወጣለች፣ የ72ቷም እንደዚሁ። በዚያ ላይ አንድ አገር በአንድ ምድብ የሚያሰልፈው አንዲት ሴት ነው። የቪኔሽ ምድብ 53 ነበር፤ በዚያ ምድብ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ያገኘችው ሁለት ጊዜ ነው። ግን በ2023 ቤልግሬድ ላይ የህንድን የ53 ኪሎ ቦታ ያስገኘችው አንቲም ፓንጋል ናት። ከጉልበት ቀዶ ሕክምና እያገገመች የነበረችው ቪኔሽ ወደ 50 ወረደች።

የመጨረሻዎቹ ኪሎዎች ውኃ ናቸው። አንድ ሊትር ላብ አንድ ኪሎ ነው። ጡንቻ ውስጥ የሚከማች እያንዳንዱ ግራም ስኳር ወደ 3 ግራም ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ ዳቦና ሩዝ የቀነሰች ታጋይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ የምትቀልለው ለዚህ ነው። ከዚያ ጨው ይቀነሳል፣ አንጀት ውስጥ የሚቆይ እንደ አትክልትና ጥራጥሬ ያለ ምግብ ይቀራል፣ በመጨረሻው ቀን ውኃ ይቋረጣል፣ ሳውና ይገባል። ሴቶች ላይ የሚጨመር ነገር አለ፦ ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ አንዳንዷ ላይ አንድ ኪሎና ከዚያ በላይ። ይህን አስቀድሞ በቀን መቁጠሪያ ያልያዘ አሰልጣኝ በሚዛኑ ጠዋት ይደናገጣል።

የቪኔሽን ቁጥሮች እንያቸው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት 49.9 ኪሎ። ከሚዛን ወርዳ ጠጣች፣ በላች፤ ሳትጠጣ ሦስት ግጥሚያ ማካሄድ ደግሞ አይቻልም። ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ ከ50 ኪሎ በላይ 2.7 ኪሎ ነበራት። ሰው ተኝቶ እንኳ በትንፋሽና በላብ ግማሽ ኪሎ ገደማ ያጣል፤ ከ2 ኪሎ በላይ የቀረውን ግን ሮጦ፣ ብስክሌት ረግጦ፣ ሳውና ገብቶ ማውጣት ያስፈልጋል። እሷም ሳትተኛ ያንን አደረገች። ፀጉሯን ቆረጡ፣ ልብሷን አሳጠሩ። ጠዋት ስትመዘን 100 ግራም ተረፈ። አንድ ሲኒ ቡና የሚሆን ውኃ ነው።

እንዴት 2.6 ወጥቶ 0.1 ያቅታል? ውኃ ያጣ ሰውነት ላብን ይቆጥባል። የመጀመሪያው ኪሎ በሃያ ደቂቃ ሳውና ሊፈስ ይችላል፤ የመጨረሻዎቹ መቶ ግራሞች ግን በደረቀ ቆዳ ላይ ሰዓት ይበላሉ። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው አሰልጣኞች በመጀመሪያው ቀን ታጋይዋ ከሚዛን ወርዳ የምትጠጣውን በሊትር ሳይሆን በግራም የሚመዝኑት፣ በየግጥሚያው መካከልም ሚዛን ላይ የሚያወጧት። ሒሳቡ የሚሠራው ማታ ሳይሆን ጠዋት በመጀመሪያው ጉርሻ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያውም ሆነ በሁለተኛው ሚዛን ያልተሳካላት ከውድድሩ ትሰረዛለች፣ ያለ ደረጃ መጨረሻ ትቀመጣለች። ቪኔሽ ቢያንስ ብሩን እንድትጋራ ለስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት አመለከተች፤ ነሐሴ 8 ቀን ውድቅ ሆነ።

የሁለተኛው ቀን ሚዛን መኖሩን እደግፋለሁ። በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ጨምረው የሚገቡትን ከማይጨምሩት ጋር የሚያስተካክለው እሱ ነው፣ ወጣት ሴቶችንም ከባሰ ጉዳት ይጠብቃል። ቅጣቱን ግን አልቀበለውም። ሰኔ ላይ የወደቀ ተማሪ የመስከረሙ ፈተና አይሰረዝበትም። ቪኔሽ ሱሳኪን ስታሸንፍ በሕጋዊ ኪሎ ነበረች፤ ሊቫችንም፣ ጉዝማንንም እንዲሁ። የሁለተኛውን ቀን ሚዛን ያላለፈች የሁለተኛውን ቀን ግጥሚያ ብታጣ፣ ማለትም ፍጻሜውን ተሸንፋ ብር ብትወስድ፣ የሚበደል ሰው አይታየኝም። ጉዝማን በምንጣፍ ላይ ያገኘችው ለነሐስ የመታገል መብት ነበር፤ እሱም ይጠበቅላት ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ነሐሴ 1 ማታ ጉዝማን በቪኔሽ ቦታ ፍጻሜ ገባች። በቪኔሽ የተሸነፉት ሱሳኪና ሊቫች እርስ በርሳቸው ለነሐስ ተፋለሙ፣ ሱሳኪ ወሰደች። ወርቁ የአሜሪካዊቷ ሳራ ሂልደብራንት ሆነ፤ ጉዝማንን 3 ለ 0 አሸንፋ። ሂልደብራንትም እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ሻምፒዮና ብር ያገኘችው በ53 ኪሎ ነበር። እሷም እንደ ቪኔሽ ሦስት ኪሎ ወርዳ የመጣች ናት፤ በሁለቱም ጠዋት ግን ሚዛኑን አልፋለች።