መርዶ እንዴት ይነገራል?

ለነርስ ተማሪዎች የሕሙማን አያያዝ አስተምራለሁ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ስለነበር፣ ሦስቱን ቃላት በስላይድ አስተማርኩ። ተማሪዎቹም ፈተና ላይ አሳምረው ጻፉልኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዷ ተማሪዬ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ካርድ እያገላበጠች፣ የልጃቸው ሕመም ካንሰር መሆኑን ለአንዲት እናት ነገረቻቸው። ሐኪሙ ቀድሞ የነገራቸው መስሏት ነበር። እናትየዋ ምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ልጅቷን ልቆጣ ስል፣ ቆሞ መናገርን ያየችው ከእኛው እንደሆነ ገባኝ። ሄጄ ከእናትየዋ ጎን ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስላይዱን ትቼ «በሰፈራችሁ መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው?» አልኳቸው። ክፍል ውስጥ ተናግሮ የማያውቅ ልጅ ሳይቀር እጁን አወጣ። ገና ሲነጋጋ ነው፤ ጎረቤት ቀድሞ ይሰበሰባል፤ የሚቀርበው ሰው አጠገቡ ይቀመጣል፤ በስልክ ማርዳት ነውር ነው። ሰሌዳው ሞላ። ከጎኑ ስፓይክስ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ለካንሰር ሐኪሞች የታተመውን ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ደረጃ ገለል ያለ ቦታ ፈልጎ፣ የቅርብ ሰው አስጠርቶ፣ ቁጭ ብሎ መናገር ነው። «ሲስተር፣ ይሄማ እቤታችን ያለ ነው» አለች አንዷ።

ሁሉም ግን አይገጥምም። በእኛ ልማድ ክፉ ወሬ ከታማሚው ተደብቆ ለዘመድ ይነገራል፤ መመሪያው ደግሞ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ታማሚውን ራሱን ጠይቁት ይላል። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። እኔ የያዝኩት፣ ገና ምርመራው ሲታዘዝ «ውጤቱን ከማን ጋር ሆነው መስማት ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅን ነው።

ልምምዱን መጀመሪያ እርስ በርስ አስጀመርኳቸው፤ ተሳሳቁ። አሁን እናትየዋን ሆኜ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ አንድ በአንድ ይገባሉ። ከሁሉም የሚከብዳቸው ከነገሩ በኋላ ዝም ማለት ነው። «አይዞዎት» ቶሎ ከመጣች ሰው ሊጠይቅ ያሰበውን ይውጠዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እስኪሰሙ ድረስ አይዞዎት እንዳይሉ አደርጋለሁ።

ዎርዱ ውስጥ አንሶላ ይቀመጥባት የነበረችውን ክፍል አስለቅቀን ሦስት ወንበር አስገብተናል፤ ሦስተኛው ለአስታማሚ ነው። ማታ ማታ ግን ተረኛዋ ነርስ ብቻዋን ስለምትሆን ክፍሏ ተቆልፋ ታድራለች። ለማታው ገና መላ አላገኘሁም።