እስክንድርያ በሦስት ቀን፦ በስንክሳር የማውቃትን ከተማ በእግሬ ሳያት

እስክንድርያ የሚለውን ስም የሰማሁት ካርታ ማየት ከመጀመሬ በፊት ነው። አያቴ ቤት ስንክሳር ሲነበብ ከተማዋ ሳትነሳ የሚያልፍ ቀን ጥቂት ነበር። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለሥራ ካይሮ ሄጄ ሦስት ቀን ሲተርፈኝ ብዙም አላመነታሁም፤ ፒራሚዱን ለሌላ ጊዜ ትቼ ከራምሲስ ጣቢያ ባቡር ተሳፈርኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ገና ከባቡሩ ሳልወርድ ነው። ከተማዋ ስትደርሱ ባቡሩ ሲዲ ጋብር ላይ ይቆማል። ብዙ ሰው ተነሳ፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ተነሳሁ። የያዝኩት ሆቴል ግን ራምል አካባቢ ነበር፤ ለዚያ የሚቀርበው የመጨረሻው ጣቢያ፣ ማሐጠት መስር ነው። ባለታክሲው ግራ መጋባቴን አይቶ የጠራልኝን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። በኋላ ስጠይቅ ሦስት እጥፍ መሆኑን ነገሩኝ። ሳትሳፈሩ በፊት ዋጋ ቁረጡ፣ ወይም በስልክ መተግበሪያ ታክሲ ጥሩ።

ሁለተኛው ስህተት ግን ቀኔን በላው። እስክንድርያ ቀጭንና ረጅም ከተማ ናት፣ ባሕሩን ተከትላ የተዘረጋች። ከምዕራቡ የቃይትባይ ምሽግ እስከ ምሥራቁ የሞንታዛ መናፈሻ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ ይህን ሳላስብ ጠዋት ሞንታዛ፣ ቀትር ላይ ምሽጉ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ኋላ ስታንሊ ድልድይ እያልኩ ኮርኒሽ በሚሉት የባሕር ዳር መንገድ ላይ በትራፊክ መጨናነቅ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። በዚያ ላይ ምሽጉ ጋ ስደርስ ዝናብ ወረደ። ግብጽ ዝናብ የላትም ብዬ ጃኬት እንኳ አልያዝኩም፤ የዚህ ባሕር ክረምት ግን የሚጀምረው እኛ አጨዳ ላይ ስንሆን ነው።

ማታ ሆቴል ገብቼ ካርታውን ዘርግቼ የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አከበብኩ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀለለ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቃይትባይ ተመለስኩ። ምሽጉ እ.ኤ.አ. በ1477 መሠራት የጀመረው ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ በነበረው የፋሮስ የመብራት ማማ ቦታ ላይ ነው። ማማውን በ1303 እና በ1323 የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች ጣሉት። በማለዳ ብትሄዱ ከዓሣ አጥማጆቹ በቀር ማንም የለም። ትኬቱ በካርድ ብቻ ነው ስላሉኝ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ከሰዓት እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተውን አዲሱን ቤተ መጻሕፍት አየሁ፤ ውብ ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ማታ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጉበት በዳቦ በላሁ። የእስክንድርያ ጉበት ካይሮም ድረስ ስም አለው። ጥብስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም።

ሦስተኛው ቀን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ማለዳ የሄድኩት "የፖምፔ ዓምድ" ወደሚሉት ነው። ወደ 27 ሜትር የሚቆም የአስዋን ቀይ ድንጋይ ነው። ስሙ በስህተት የተሰጠ ነው፣ ከሮማዊው የጦር መሪ ከፖምፔ ጋር አይገናኝም። ዓምዱ የቆመው ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። አዎ፣ ያ በስንክሳር ሰማዕታቱን ሁሉ የሚያስገድለው ንጉሥ። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ እንደ ተረት ነበር የሚመስለኝ። እዚያ ቆሜ ድንጋዩን ቀና ብዬ ሳየው ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በእግር ሩቅ ያልሆነው ኮም አል ሾቃፋ አለ፣ 99 ደረጃ ወደ ታች የሚወርዱበት የሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመቃብር ዋሻ። እ.ኤ.አ. በ1900 አንዲት አህያ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ተገኘ ይባላል። የግብጹ አምላክ አኑቢስ የሮም ወታደር ልብስ ለብሶ ተቀርጿል። ወለሉ ያንሸራትታል፣ ጥሩ ጫማ አድርጉ።

ቀትር ላይ ወደ ራምል ተመልሼ ወደ ቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሄድኩ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን አትናቴዎስ የዚህ መንበር ባለቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለ1,600 ዓመት ያህል ጳጳሳችን ከግብጽ ሲመጣ ኖሯል፤ የራሳችንን ፓትርያርክ ያገኘነው በ1951 ዓ.ም. ነው። በሩ ላይ ፍተሻው ጠንካራ ነው። በ2009 ዓ.ም. የሆሳዕና ዕለት እዚያው በር ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰዎች ሞተዋል። ፓስፖርታችሁን አትርሱ፣ ታገሱም።

የሚፈትሹት አዛውንት ማተቤን አይተው "ሐበሻ?" አሉኝ። ዱባይ ስለሠራሁ አረብኛ እሰባብራለሁ። አዎ አልኳቸው።

"ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

መንገድ ላይ የፈረንጁን ቀን ብቻ ስቆጥር ሰንብቼ ኖሮ አላወቅኩም። እሳቸው ጣታቸውን እያጠፉ "ሃቱር 12" አሉ። እኔም በልቤ ቆጠርኩ፦ ኅዳር 12። "ሚካኤል!" አልኩ ጮክ ብዬ። ሳቁ። እነሱም ያንኑ ዕለት ያከብራሉ። የእሳቸው ዓመት ግን 1741 ነበር፤ የሚቆጥሩት ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከእ.ኤ.አ. 284 ጀምሮ ነው፣ ሰማዕቶቻቸውን እንዳይረሱ። ቦርሳዬን ሳይፈትሹ መለሱልኝና እጄን ይዘው አስገቡኝ።